ነፍጡ ምን ጎርሶ ነበር? በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ልክ፦ ዳሰሳ

ስለ ኢትዮጵያ ነፍጥ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ቁጥር አያጣም። ይህ ራስ ይህን ያህል ነፍጠኛ ነበረው፤ ያ ንጉሥ ከባሕር ማዶ ይህን ያህል ጠመንጃ አስመጣ፤ በዚያ ጦርነት ይህን ያህል ተማረከ ይባላል። ጠመንጃው ስንት ባሩድና ስንት እርሳስ ጎርሶ፣ በምን ውታፍ ተጠቅጥቆ ይተኮስ እንደነበር ግን የሚነግረን ጽሑፍ እምብዛም የለም። በአፈሙዝ ለሚጎርስ ጠመንጃ ደግሞ ዋናው ነገር ይኸው ነው። አንድ ዓይነት ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ልኩን አውቆ ሌላው በግምት ካጎረሱ፣ የያዙት መሣሪያ አንድ አይደለም። ስለዚህ ጉርሱ ያልታወቀ ጠመንጃ ተቆጠረ እንጂ አልተመዘነም። ይህ ዳሰሳ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ጥያቄውን እሪ በከንቱ ሆኖ ማንሳት ያለ ምክንያት አይደለም። ሠፈሩ የአራዳ ነው። ባቅራቢያው አራዳ ጊዮርጊስ አለ፤ ታቦቱ ዐድዋ የዘመተው፣ በቅጥሩ ባለው ቤተ መዘክርም የዚያ ዘመን መሣሪያ የሚታይበት ደብር። እዚያው ፒያሳ ላይ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ከማዛወሩ በፊት የከተማዋ ዋና ገበያ የሚቆመውም በአራዳ ነበር፤ በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ገበያ ጥይት የሚሸጥ ዕቃ ብቻ ሳይሆን መገበያያም ሆኖ ያገለግል ነበር። ጥይት እንዴት ገንዘብ ሊሆን እንደቻለ ስንመረምር የጉርስ ጥያቄ የት ላይ እንዳበቃ እናያለን።

አንድ ጊዜ ለመተኮስ

ውስጡ ልሙጥ የሆነ፣ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ እንውሰድ። ተኳሹ ሰደፉን መሬት ያስረግጥና አፈሙዙን ወደ ላይ ያቆማል፤ ፊቱን ከአፈሙዙ ዘወር ያደርጋል። ባሩዱን ከቀንዱ ወደ ትንሽ መስፈሪያ ይቀዳል፤ ከመስፈሪያው ወደ አፈሙዙ ያንቆረቁራል። ጠንቃቃ ተኳሽ ከቀንዱ በቀጥታ አያፈስም፤ ከፊተኛው ተኩስ የቀረ ፍም ውስጥ ካለ ቀንዱ እጁ ላይ ይፈነዳል። ባሩዱ ላይ ውታፍ ይከታል። ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ቃጫ፣ ቆዳ፣ ያገኘው ይሆናል። በዘንጉ እስኪጠብቅ ይጠቀጥቀዋል። ቀጥሎ አረሩን፣ ማለትም አንዱን ድቡልቡል እርሳስ፣ ወይም ረሹን፣ ማለትም ደቃቅ የእርሳስ ፍሬዎችን፣ ያስገባል። ረሽ ከሆነ በላዩ ሌላ ቀጭን ውታፍ ያኖርበታል፤ አለዚያ አፈሙዙ ሲዘነበል እርሳሱ መሬት ላይ ይፈስሳል። በመጨረሻ ወደ ማቀጣጠያው ይመለሳል። በጥንቱ ነፍጥ ይህ የሚጤስ ክር ነበር፤ በኋላ ባልጩት መጣ፤ ከዚያም ሲመታ የሚነድ ካፕሱል።

እዚህ ውስጥ ተኳሹ ራሱ የሚወስናቸው አራት ነገሮች አሉ፦ የባሩዱ መጠን፣ የእርሳሱ ክብደት፣ የውታፉ ጥብቀት፣ ሁሉም ነገር በዘንጉ ምን ያህል እንደተጠቀጠቀ። አንዱ ሲለወጥ ሌሎቹ ይናጋሉ። ውታፉ ከላላ የባሩዱ ጋዝ በጎኑ ያመልጥና ረሹን ይበትነዋል። አረሩ ባሩዱ ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ከቀረ በመካከል ያለው ክፍተት ብረቱን ሊቀድደው ይችላል። ባሩዱ ከበዛ ከፊሉ ሳይነድ ከአፈሙዙ ይወጣል፤ የቀረው ሰደፉን በተኳሹ ትከሻ ላይ ያስረግጠዋል።

ጥቁር ባሩድ ሌላም ጠባይ አለው። ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ ሳይሆን ጢስና ጥቀርሻ ይሆናል። ጥቀርሻው ውስጡን ስለሚያጠብብ በመጀመሪያው ተኩስ ተንሸራትቶ የገባ አረር በአምስተኛው አልገባ ይላል። የጦር ሠራዊት አረር ከአፈሙዙ ቀጠን ተደርጎ የሚሠራው ለዚህ ነው። የእንግሊዝ እግረኛ ወታደር ከመቶ ዓመት በላይ የተሸከመው ልሙጥ ጠመንጃ አፈሙዙ ወደ 19 ሚሊ ሜትር ሲሆን አረሩ 17.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። ያ ክፍተት ቶሎ ለማጉረስ ይረዳል፤ ዒላማ ግን ያሳጣል። አረሩ የአፈሙዙን ግድግዳ እየተጋጨ ይወጣና በመጨረሻ ወደነካው ጎን ተሽከርክሮ ይሄዳል። ከ80 ወይም ከ100 ሜትር በላይ አንድን ሰው ለይቶ መምታት ከልሙጥ አፈሙዝ የማይጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓለም የሰጣቸው መልሶች

የልክ ጥያቄ በሌላው ዓለም ረጅም ጊዜ አከራክሯል። የመጀመሪያውና የቆየው መልስ “ባሩድ ጨምር” የሚለው ነው። ድምፁ ሲያስፈራ፣ ትከሻ ሲመታ፣ ተኳሹ ጉልበት ያገኘ ይመስለዋል። ይህን እምነት በመለኪያ የፈተነው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ቤንጃሚን ሮቢንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1742 ስለ ተኩስ ባሳተመው መጽሐፍ የሚወዛወዝ ከባድ ግንድ አንጠልጥሎ አረር እየተኮሰበት፣ ግንዱ ከተወዛወዘበት ርቀት የአረሩን ፍጥነት ማስላት እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጠመንጃ ጉልበት የሚደረግ ክርክር በፉከራ ሳይሆን በቁጥር ሊዳኝ ቻለ። ባሩድ በእጥፍ ሲጨመር ፍጥነት በእጥፍ እንደማይጨምር፣ ከተወሰነ ልክ በኋላ ጭማሪው ብክነት እንደሆነም ታወቀ።

ሁለተኛው መልስ የወፍ አዳኞች ነው፦ በአንድ መስፈሪያ ባሩድ፣ በዚያው መስፈሪያ ረሽ። በክብደት ሳይሆን በስፍር እኩል ማለት ነው። የዛሬው ሰው “12 ቁጥር” በሚለው ጠመንጃ፣ ማለትም በአፈሙዙ ልክ ከተሠሩ አሥራ ሁለት የእርሳስ ድቡልቡሎች አንድ ፓውንድ በሚመዝኑበት፣ ይህ ደንብ ወደ 5 ግራም ባሩድና ከ28 እስከ 32 ግራም ረሽ ይሰጣል። ሚዛን ለሌለው፣ በሜዳ ላይ ለሚያጎርስ ሰው ከዚህ የቀለለ ሕግ አይገኝም። ባሩዱ ካነሰ ረሹ በእርጋታ ተሰባስቦ ይሄዳል፤ ከበዛ ይበተናል፤ እኩል ስፍር የሁለቱ መካከል ነው።

ሦስተኛው መልስ የረሹን ቁመት ያያል። በአፈሙዙ ውስጥ የሚቆለለው ረሽ ቁመቱ ከአፈሙዙ ስፋት ብዙ ካልበለጠ የታችኛው ፍሬ በላይኛው ክብደት አይጨፈለቅም። የተጨፈለቀ ፍሬ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ስለዚህ ሰፊ አፈሙዝ ብዙ ረሽ ይሸከማል፤ ጠባቡ ያንኑ ያህል ቢያጎርሱት ይዘራዋል።

አራተኛው መልስ የወታደር ነው። አሜሪካውያን ከነጻነት ጦርነታቸው ጀምሮ በአንድ ትልቅ አረር ላይ ሦስት ትናንሽ ፍሬ ደርበው ያጎርሱ ነበር። ልሙጡ አፈሙዝ ዒላማ ስለማይዝ አንዱ ቢስት አንዱ ያገኛል በሚል ነው። በቅርብ ርቀት አስፈሪ ነበር፤ ሲርቅ ግን ትናንሾቹ ጉልበታቸውን ይጨርሳሉ።

እነዚህ መልሶች ሁሉ የሚያስማማቸው አንድ ዳኛ አለ፤ እርሱም ወረቀት ነው። ሰፊ ወረቀት 36 ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ላይ ይሰቀላል፤ ይተኮስበታል፤ ብዙ ፍሬ ባረፈበት ዙሪያ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሠራል፤ በክቡ ውስጥ ያሉ ቀዳዳዎች ይቆጠራሉ። አፉ ያልጠበበ ልሙጥ አፈሙዝ በዚህ ርቀት ከፍሬው 40 ከመቶ ገደማ ቢያሳርፍ ደህና ነው። ቁጥሩ ብቻ ግን አይበቃም። ወረቀቱ መሐሉ ባዶ ሆኖ ዳር ዳሩ ቀዳዳ ከሆነ ባሩዱ በዝቷል ወይም የላይኛው ውታፍ ከብዷል ማለት ነው። ፍሬዎቹ አንድ ቦታ ተጣብቀው ካረፉ ሙቀት አጣብቋቸዋል፤ ውታፉ ጋዙን አላገደም። ተኳሹ አንድ ነገር ብቻ እየለወጠ፣ ለእያንዳንዱ ልክ ደጋግሞ ይተኩሳል። አንድ ተኩስ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ የተደጋገመ ግን ጠባይ ነው።

መጽሐፍ የሚሰጠው መነሻ ነው። የዚያ ጠመንጃ ልክ የሚገኘው ከዚያው ጠመንጃ አፈሙዝ ነው።

ባገራችን የምናገኘው ማስረጃ

የባሩድ መሣሪያ በኢትዮጵያ ታሪክ ጎልቶ የወጣው በ16ኛው ምእተ ዓመት ነው። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ቁሬ ድል ያደረጉት ኢማም አሕመድ ኋላ ላይ ከኦቶማኖች ነፍጠኞች አገኙ። በ1533 ዓ.ም. ደግሞ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ፖርቱጋሎች ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋ ወጣ። እርሱ በወፍላ ተሸንፎ ከተገደለ በኋላ የተረፉት ፖርቱጋሎች ከአጼ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ተዋጉ፤ ኢማሙም በጥይት ተመትተው ወደቁ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን በሁለቱ ውጊያዎች መካከል ያለው ጊዜ ነው። የዘመቻው ተሳታፊ ሚጌል ደ ካስታኞዞ እንደጻፈው የተረፉት ፖርቱጋሎች ባሩድ የሠሩት ካገሩ ከተገኘ ድኝና የባሩድ ጨው (ሳልትፒተር) ነው። የባሩድ ሥራ ቁሳቁስ ባገር ውስጥ እንደነበረ ከዚህ እንረዳለን።

በእጅ የተሠራ ባሩድ ግን ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። የጨው፣ የድኝና የከሰሉ ድርሻ፣ የመወቀጡ ልክ፣ የፍሬው መጠን፣ እርጥበቱ በየጊዜው ይለያያል። ዛሬ የተሰፈረው መስፈሪያ ነገ ከሌላ እጅ የመጣ ባሩድ ሲሰፈርበት ያንኑ ጉልበት አይሰጥም። ስለዚህ ያገራችን ነፍጠኛ የገጠመው ችግር ከአውሮፓ አዳኝ ይከብድ ነበር። አውሮፓዊው አንድ ጊዜ ያገኘውን ልክ ይዞ ይኖራል፤ የእኛው ነፍጠኛ ባሩዱ በተለወጠ ቁጥር ልኩን እንደገና መፈለግ ነበረበት። ለፍለጋ የሚያጠፋው ባሩድና እርሳስም ውድ ነበር። ድህነቱ የባሩድ ብቻ ሳይሆን የሙከራም ነበር።

ከዘመነ መሳፍንት መግቢያ አንድ ግሩም ማስረጃ አለን። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ሳለ በተኩስ ችሎታ ክርክር ተነሣ። ብሩስ ባሩድ አጎረሰና በአረር ፈንታ ግማሽ የጮማ ሻማ ጨመረ። በዚያ ሦስት ጋሻ በሳ፤ በቀረው ግማሽ ደግሞ የሾላ እንጨት ገበታ ቀደደ። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ እንደተረከው ተመልካቹ ተገረመ፤ ነገሩን ከጥንቆላ የቆጠረውም ነበር። ሥራው ግን የጉርስ ትምህርት ነው። ለስላሳ ሻማ እንኳ አፈሙዙን ሞልቶ ጋዙን ካገደ፣ ባሩዱም ልክ ከሆነ፣ በቅርብ ርቀት ጋሻ ይበሳል። ጉልበት የሚመጣው ከእርሳሱ ጥንካሬ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ባገራችን ታሪክ አላገኘሁም።

በሸዋ ደግሞ በ1834 ዓ.ም. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር ውል ሲፈራረሙ 300 ጠመንጃ በስጦታ ቀረበላቸው። እነዚህ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ አንድ ዓይነት አፈሙዝ፣ አንድ ዓይነት አረር። ከልክ አንጻር ይህ ታላቅ ነገር ነው። በየነጋዴው እጅ አንድ አንድ እየሆነ ከሚገባው ልዩ ልዩ ነፍጥ ጋር ሲተያይ፣ ለ300 ሰው አንድ የአረር ቅርጽ መቅጃ ይበቃል። የጠመንጃ ብዛት ከሚነገርበት ይልቅ የጠመንጃ አንድነት ቢጠና የሸዋን ኃይል የበለጠ ያስረዳ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

እሮጌና የአምስት ግራም ነገር

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የአጼ ቴዎድሮስ ሠራዊት በፊታውራሪ ገብርዬ እየተመራ ከመቅደላ በታች እሮጌ ላይ ወረደ። ብዙው ውስጡ ልሙጥ፣ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ ባለ ሁለት አፉ በርካታ ነው። እንግሊዞች የያዙት በኋላው የሚጎርሰውን ስናድር ነበር። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሲወድቁ ከእንግሊዞች በኩል የቆሰሉት 20 ገደማ ነበሩ፤ ከእነርሱም ሁለቱ ሞቱ። ገብርዬም እዚያው ወደቀ።

ይህ ውጤት ሲነገር አሮጌና አዲስ መሣሪያ ተጋጠሙ ተብሎ ይታለፋል። ጉርሱን ብንመዝን ግን ሌላ ነገር እናያለን። የስናድር ጥይት 4.5 ግራም ባሩድና 31 ግራም እርሳስ ይይዛል። ይህ ከላይ ካየነው የ12 ቁጥር ጉርስ ጋር የተቀራረበ ነው። ስለዚህ በእሮጌ የገደለው የባሩድ ብዛት አይደለም። ልዩነቱ ሦስት ነው። የስናድሩ ጉርስ ፋብሪካ ውስጥ ተመዝኖ ስለተዘጋጀ እያንዳንዱ ተኩስ እንደ ቀዳሚው ነው። አረሩ ጠመዝማዛ ቦይ ባለው አፈሙዝ ውስጥ ተጨምቆ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ ርቆ ይመታል። አጎራረሱም በደቂቃ አሥር ጊዜ ያህል ያስተኩሳል። የቴዎድሮስ ወታደር ዘንግ ይዞ ሲጠቀጥቅ፣ ያውም የዚያን ዕለት በዘነበው ዝናብ ውስጥ፣ ባላጋራው ደጋግሞ ይተኩስበት ነበር። ጀግንነቱ አላነሰም፤ ባሩዱም ከልክ በታች ነበር ማለት አያስፈልግም። ያነሰው ተመሳሳይነት ነው።

ቴዎድሮስ ራሳቸው በጋፋት ያቋቋሙት የመድፍ ሥራ፣ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል፣ የሥልጣን ጥማት ብቻ ተደርጎ ሲታይ ያሳዝነኛል። መሣሪያን ከውጭ ከመለመን ባገር ማውጣት ማለት ልኩንም ባገር መወሰን ማለት ነበር። ያ ሥራ ቢቀጥል ኖሮ የባሩድና የአረር መለኪያ የሚጽፍ ባለ ሙያ ከእኛው ይወጣ ነበር።

ከእንጦጦ እስከ አራዳ

ከእሮጌ በኋላ በአፈሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃ ቶሎ አልጠፋም። አጼ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ግብጾችን ድል ሲያደርጉ በኋላው የሚጎርስ ብዙ ረሚንቶን ጠመንጃ ተማረከ። በሸዋ ግን ከአሥር ዓመት በኋላም አሮጌው ነፍጥ ይነገድ ነበር። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ነጋዴ ሆኖ ከታጁራ ተነሥቶ በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ዘንድ እንጦጦ ሲደርስ፣ ሲራራው ያመጣው ከ2,000 የሚበልጥ ባለ ካፕሱል ጠመንጃ ነበር። አውሮፓ የጣለው፣ በርካሽ የተገዛ መሣሪያ ነው። ምኒልክም ዋጋውን ቆርጠው ከራምቦ የጠበቀውን ትርፍ አሳጡት። የንጉሡን አስተዋይነት አንዳንዱ እንደ ስስት ያየዋል። እኔ ግን ትክክለኛ ግምት ነው እላለሁ፦ ባለ ካፕሱል ጠመንጃ የገዛ ሰው የገዛው ብረቱን ብቻ ነው፤ ካፕሱሉን፣ ባሩዱን፣ እርሳሱንና ልኩን የሚያውቅ ሰው ገና መፈለግ አለበት።

ዐድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. የተዋጋው ሠራዊት በብዛት በኋላው የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ነበር፤ ውጅግራ፣ ረሚንቶንና ሌላም። ከዚያ ወዲያ በአዲስ አበባ ገበያ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን የብር ዝርዝር ሆኖ ሲያገለግል እናያለን። የውጅግራ ጥይት 5 ግራም ከሩብ ያህል ባሩድና 25 ግራም እርሳስ አለው፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። አሞሌ ይሸረፋል፤ በቀንድ ያለ ባሩድ ይጎድላል፣ ይረጥባል፣ ይቀላቀላል። የታሸገ ጥይት ግን በቁጥር ብቻ ይታመናል። አራዳ ገበያ የወጣች ሴት ጥይት ተቀብላ በርበሬ ስትሰፍር፣ ሮቢንስ በግንድ የፈለገውን፣ አዳኞች በወረቀት የተከራከሩበትን ልክ ፋብሪካው ወስኖ ጨርሶታል። ልክ የተኳሹ ዕውቀት መሆኑ የቀረው በዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልክ የሚገዛ ነገር ሆነ።

በዚህ ውስጥ ያተረፍነውም የከሰርነውም አለ። ያተረፍነው ነጻነታችንን ነው፤ ዐድዋ ያለ ተመሳሳይ ጥይት አይታሰብም። የከሰርነው ደግሞ የባሩድና የአረር ሥራን ነው። ጥይት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር ከሆነ በር ሲዘጋ ጠመንጃው ዱላ ይሆናል። ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በፊት ኢትዮጵያ የገጠማት የመሣሪያ ግዢ ማዕቀብ ይህን በመራራ መንገድ አሳየ።

ረሽ ለምን አልበዛም?

በአውሮፓ የጉርስ ክርክር በብዛት የረሽ ክርክር ነው፤ ባገራችን ግን ረሽ ጎልቶ አይታይም። አንዱ ምክንያት ክብር ነው። ግዳይ የሚባለው አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ ነበር፤ ይህን ለጣለ ሰው ይዘፈናል፣ ይሸለማል። ቆቅና ጅግራ የጣለ አይፎክርም። ሌላው ዋጋ ነው። አንድ አረር የሚወጣበትን እርሳስ በመቶ ፍሬ በትኖ ለአንዲት ቆቅ ማጥፋት ለባለ ነፍጡ አያዋጣም፤ ቆቅ በወጥመድ ይያዛል።

ረሽን ባገራችን በትክክለኛ ልክ የተጠቀሙት ይልቁንም የአእዋፍ ተመራማሪዎች ናቸው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1820ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ተራሮችና በጎንደር አካባቢ ያሰባሰባቸው አእዋፍና እንስሳት ዛሬም በፍራንክፈርት ሙዚየም አሉ። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ብላንፎርድም በመቅደላው ዘመቻ እግር መጥቶ የእንስሳትና የአለት ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1870 አሳተመ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ወፏ ላባዋ ሳይቦጨቅ መውደቅ አለባት፤ ስለዚህ ደቃቅ ረሽ፣ ጥቂት ባሩድ፣ አጭር ርቀት ያስፈልጋል። የጉርስ ልክ ለጦር ብቻ ሳይሆን ለዕውቀትም እንዳገለገለ እነዚህ ስብስቦች ምስክር ናቸው።

ጥናቱ የደረሰበትና የጎደለው

ስለ ኢትዮጵያ ነፍጥ ዋናውን መሠረት የጣለው ሪቻርድ ፓንክረስት ነው። ጠመንጃው መቼ፣ በማን እጅ፣ ከየት እንደገባ ያሰባሰበው እርሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ የነፍጥን መግባት ከቋንቋና ከባህል ማስረጃ ተነሥቶ መረመረ። ሪቻርድ ኮልክ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ ጠመንጃና የመሳፍንት ሥልጣን በ19ኛው ምእተ ዓመት እንዴት እንደተሳሰሩ አሳየ። መርዕድ ወልደ አረጋይ ደግሞ ከ1500 እስከ 1800 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን መልሶ መዝኖ ነፍጥ በገባ ቁጥር ጦርነት ይለወጣል የሚለውን ቀላል እምነት ፈተነ። የመርዕድ ጥርጣሬ ለእኛ ጥያቄ በር ይከፍታል። ነፍጥ በብዛት ተገኝቶ ውጤቱ ካነሰ ምክንያቱን ከአፈሙዙ ውስጥ መፈለግ አለብን።

ሦስቱም የሠሩት በሰነድ ነው፤ ሰነዱ ደግሞ ስለ ጉርስ ዝም ይላል። ዝም የማይለው ዕቃው ነው። የአፈሙዝ ስፋት በቀላል መለኪያ ይለካል። የአረር ቅርጽ መቅጃ፣ የባሩድ መስፈሪያ፣ የቀንድ መክደኛ በየቤተ መዘክሩና በየቤቱ አለ። መስፈሪያው ምን ያህል ባሩድ እንደሚይዝ ሰፍሮ መጻፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የጠመንጃ መግለጫ በስሙና በባለቤቱ ያበቃል፤ የማን እንደነበር እናውቃለን፣ ምን ይጎርስ እንደነበር አናውቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ደግሞ ሳይተኮስ የቀረ ጉርስ ነው። በዓለም ዙሪያ አሮጌ የአፈሙዝ ጠመንጃዎች ሲመረመሩ እንደጎረሱ የተገኙት ጥቂት አይደሉም። ባለቤቱ አጉርሶ ሰቀለው፤ ሞተ፤ ልጁ አላወቀም። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካላገኘው ዘመን አያደክመውም፤ ስለዚህ በቤት የተሰቀለ የአያት ነፍጥ ዛሬም ሊገድል ይችላል። ማንም ሰው እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ለመተኮስ፣ ለማሞቅ ወይም ቃታውን ለመሳብ መሞከር የለበትም። መጉረስ አለመጉረሱን ለማወቅ ባለ ሙያ ዘንግ እስከ መጨረሻው አስገብቶ፣ ዘንጉ የገባበትን ርዝመት በውጭ ከማቀጣጠያው ቀዳዳ ጋር ያስተያያል፤ ዘንጉ ቀዳዳው ጋ ሳይደርስ ከቆመ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ። ማውጣቱም የባለ ሙያ ሥራ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ስለሚያስር ነገሩ ከሚመለከተው ክፍል ጋር ሆኖ ቢደረግ ለባለቤቱም ይበጃል።

ሲወጣ ግን መጣል የለበትም። ባሩዱ ተመዝኖ ፍሬው ይታይ፤ ውታፉ ጨርቅ ይሁን ቃጫ ይመዝገብ፤ አረሩ ይለካ፤ እርሳሱ በቤተ ሙከራ ይመርመርና ከየትኛው ማዕድን እንደወጣ ይጠየቅ። አንድ እንዲህ ያለ ጉርስ አንድ ነፍጠኛ በአንድ ቀን ልኩን እንዴት እንደቆረጠ ይነግረናል። እንዲህ ያለውን የጻፈልን ታሪክ ጸሐፊ የለም።

ከዚያ ቀጥሎ ሙከራ ነው። በሌላው ዓለም የአፈሙዝ ጠመንጃ ተኩስ በዓለም አቀፍ ደንብ ውድድር ይካሄድበታል፤ ቅርሱ ሳይነካ ጥንካሬያቸው በተፈተነ አዳዲስ ቅጂዎች ይተኮሳል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ከመከላከያና ከቅርስ ጥበቃ ጋር ተባብረው አንድ ያገር ነፍጥ ቅጂ ቢያሠሩ፣ በተፈቀደ ሜዳ ላይ የኢትዮጵያ ልክ ምን እንደነበር ወረቀት ላይ ሊያዩት ይችላሉ።

ሥራው መጀመር ያለበት ከአራዳ ነው። መሣሪያው እዚህ አለ፤ ጎብኚውም እዚህ ይመጣል። በየመግለጫው ላይ ሦስት ቁጥር ይጨመር፦ የአፈሙዙ ስፋት፣ የአረሩ ክብደት፣ የባሩዱ መስፈሪያ። እነዚህ ሦስቱ ለአንድ መቶ ጠመንጃ ተሰብስበው ቢታተሙ፣ ስለ ነፍጥ ብዛት እስካሁን የጻፍነውን ሁሉ እንደገና እንድናነበው ያደርጉናል።